መልስ፦ ዲያግኖስቲክ ፈተና (ምዕራፍ ከመጀመሬ በፊት ምን እንደሚያውቁ የማጣራበት) ስሰጥ ተማሪዎቼ ለምን ይኮራረጃሉ?

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ማርኩን አንሳው። የሚኮራረጁት ከ10 ስለምታርመው ነው። ማርክ ካለ ልጁ የሚጨነቀው ለነጥቡ ነው፤ አንተም የምታርመው የአንድ ጎበዝ ልጅ መልስ 50 ጊዜ ተገልብጦ ነው።

ከዛ ምርጫዎቹን አስብባቸው። ለምሳሌ 1/3 + 1/4 ስጥና አንዱን ምርጫ 2/7 አድርገው። እሱን የመረጠ ልጅ ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ደምሯል ማለት ነው፣ ስለዚህ ከየት እንደምትጀምርለት ወዲያው ታውቃለህ። ከመልሳቸው ጎን «እርግጠኛ ነኝ» ወይም «ገምቼ ነው» ብለው ይጻፉ። እርግጠኛ ሆኖ የሳተ ልጅ ትክክለኛውን ሲሰማ ክው ይላል፣ ብዙ ጊዜም አይረሳውም። መልሱን ግን እዛው ክፍለ ጊዜ ንገራቸው፤ ካደረ የተሳሳተውን ይዘው ሊቀሩ ይችላሉ።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። አራት ኪሎ አካባቢ ሳስተምር ያንኑ ወረቀት ለጠዋቱም ለከሰዓቱም ክፍል ሰጠሁ። የከሰዓቶቹ «ሐ፣ ሀ፣ መ» ብለው ሸምድደው ጠበቁኝ (አንዱማ መዳፉ ላይ ጽፎታል)። እኔ ሞኙ ገብቷቸዋል ብዬ ምዕራፉን በሩጫ አለፍኩት፣ ሚድ ላይ ጉድ ፈላ። አሁን ለየክፍሉ ቁጥሩን እቀያይራለሁ።