ካኑላው ከገባ በኋላ፦ ለጀማሪ ነርሶች

ልጆቼ፣

ሥራ ስትጀምሩ ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቃችሁ ደም ስር ማግኘት ነው። አይፈረድባችሁም፤ ግን እሱ በልምምድ ይመጣል። እኔን የሚያሳስበኝ ካኑላው (ደም ስር ውስጥ የሚቀመጠው ቀጭን ቱቦ) ገብቶ፣ ፕላስተሩ ተለጥፎ፣ ፈሳሹ መውረድ ከጀመረ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ያኔ ሥራው ያለቀ ይመስላል። ታካሚው ደግሞ ማንም ሳያየው የሚጎዳው ያኔ ነው።

ፍጥነቱን በዓይን ግምት አትክፈቱ። የሴቱ (ፈሳሹን ከከረጢቱ ወደ ካኑላው የሚያወርደው ቱቦ) ማሸጊያ ላይ አንድ ሚሊ ሊትር ስንት ጠብታ እንደሆነ ተጽፏል፤ የተለመዱት 10፣ 15 ወይም 20 ናቸው፣ የሕፃናቱ ባለ ትንሽ ጠብታ ደግሞ 60። 1000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት ይግባ ከተባለ፣ በባለ 20 ሴት 20,000 ጠብታ ለ480 ደቂቃ ሲካፈል በደቂቃ 42 ገደማ ይመጣል። ያው ትእዛዝ በባለ 15 ሴት 31 ብቻ ነው። ስለዚህ ሴት በተቀየረ ቁጥር ሒሳቡን እንደገና ሥሩ፣ ሰዓት ይዛችሁም አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። ታካሚው ክርኑን ካጠፈ ወይም ከተነሣ ጠብታው ይለወጣልና ከ15 ደቂቃ በኋላ ተመለሱ። አስታማሚም ቶሎ እንዲያልቅለት ብሎ መቆጣጠሪያውን ሊከፍተው ይችላል፤ በቁጣ ሳይሆን ለምን እንደማይነካ አስረድታችሁ ንገሩት።

ፈሳሹ ወደኋላ ከቀረ ለማካካስ ብላችሁ አታፍጥኑት። አዛውንት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመምተኛና ሕፃን ትርፍ ፈሳሽ አይችሉም። አዲስ ሳል፣ ሲተኙ የሚብስ የትንፋሽ ማጠር፣ የተወጠረ የአንገት ደም ስር ካያችሁ ፍጥነቱን ወደ ዝቅተኛው አውርዱ፣ ታካሚውን ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ኦክስጅኑን ለኩ፣ ሐኪም ጥሩ። ካኑላውን ግን አትንቀሉ፤ ፈሳሽ የሚያስወጣው መድኃኒት የሚሰጠው በዚያው ነው።

ወደ አልጋው ስትደርሱ ዓይናችሁ መጀመሪያ ክንዱ ላይ ይረፍ፣ ከረጢቱ ይቆያል። ብርድ ልብሱን ግለጡ፣ ሁለቱን ክንድ አስተያዩ፣ ዳስሱ። ያበጠ፣ የተወጠረ፣ የቀዘቀዘና የነጣ ከሆነ ፈሳሹ ከደም ስር ወጥቶ ሥጋ ውስጥ እየገባ ነው። የቀላ፣ የሚያቃጥልና የሚያም ከሆነ፣ ደም ስሩም እንደ ገመድ ከጠጠረ፣ ብግነት ነው። በሁለቱም ፈሳሹ ይቁም፣ ካኑላው ይውጣ፣ አዲሱ በሌላው ክንድ ይግባ። ጠብታው መውረዱን ወይም ደም መመለሱን አይታችሁ አትዘናጉ፤ ሥጋው እየሞላም ፈሳሹ መውረዱን ሊቀጥል ይችላል፣ ፓምፑም ላይጮህ ይችላል። ኖርአድሬናሊን (የደም ግፊት ከፍ የሚያደርግ መድኃኒት)፣ ካልሲየም ወይም አንዳንድ የካንሰር መድኃኒት ከፈሰሰ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ሥጋውን ሊያበላሹት ይችላሉ። ወዲያው አቁሙ፣ ሴቱን ንቀሉ፣ ካኑላው ሳይወጣ የቀረውን በሲሪንጅ ሳቡ፣ በሳላይን (የጨው ፈሳሽ) አትጠቡት፣ ሐኪም ጥሩ።

አመመኝ ማለት ለሚችል አዋቂ ክንዱን ቢያንስ በየ4 ሰዓቱ እዩ። በጽኑ ለታመመ ወይም በመድኃኒት ለደነዘዘ በየ1 እስከ 2 ሰዓት፣ ለጨቅላና ለሕፃን በየሰዓቱ። ዝም ያለ ታካሚ ሕመም የለበትም ማለት አይደለም።

ፖታሲየም ክሎራይድን በተመለከተ ምንም ዓይነት ጥድፊያ አልቀበልም። ሳይበረዝ በሲሪንጅ በደም ስር ከተሰጠ ልብ ያቆማል። ከመጀመራችሁ በፊት ታካሚው መሽናቱን አረጋግጡ፣ መጠኑን ከሌላ ነርስ ጋር ሆናችሁ ለየብቻ አስሉ። በክንድ ደም ስር ሲሰጥ የተለመደው ጣሪያ በሊትር 40 ሚሊሞል፣ በሰዓት 10 ሚሊሞል ነው፤ ከዚያ ካለፈ የልብ መከታተያ ያስፈልጋል። ተሰቅሎ እየወረደ ባለ ከረጢት ላይ ፈጽሞ አትጨምሩ፤ ከብዶ ከታች ይጠራቀምና ታካሚው መጀመሪያ የሚደርሰው ያልተበረዘው ይሆናል። ከረጢቱን አውርዱ፣ ጨምሩ፣ ደጋግማችሁ ገልብጡት፣ የጨመራችሁትን መጠንና ሰዓት ጽፋችሁ ለጥፉበት፣ ከዚያ ስቀሉ።

ሴፍትሪያክሶንን (አንቲባዮቲክ) ካልሲየም ካለበት ሪንገር ላክቴት ፈሳሽ ጋር አታገናኙ፣ ከካልሲየሙ ጋር ይረጋል፤ ፌኒቶይንም (የሚጥል በሽታ መድኃኒት) በዴክስትሮስ (የስኳር ፈሳሽ) ውስጥ ይረጋልና በኖርማል ሳላይን ብቻ ይሰጥ። መድኃኒት ከመስጠታችሁ በፊት የካኑላውን አፍ በአልኮል 15 ሰከንድ ፈትጉና ይድረቅ። እርጥቡ ላይ መውጋት የማጽዳቱን ጥቅም ያሳጣል።

ተረኛ ስትቀያየሩ ርክክቡ ጠረጴዛ ላይ አይለቅ። ከተረካቢው ጋር አልጋው ድረስ ሂዱ፣ ክንዱን አብራችሁ ገልጣችሁ እዩ፣ ጠብታውን ቁጠሩ፣ የቀረውን ፈሳሽና የወጣውን ሽንት በሚሊ ሊትር ቻርቱ ላይ ጻፉ፣ ካኑላው የገባበትን ቀን አንብቡ። ፊርማው ከዚያ በኋላ ነው።