ቅሬታዋ ሐሰት ቢሆንም ማባረሩ ያስከስሳል

ጥያቄ፦ ኒው ዮርክ ከተማ ውስጥ ከሸሪኬ ጋር የሂፕ ሆፕ መጽሔት አሳትማለሁ። ስድስት ሠራተኞች አሉን። ዋና አዘጋጃችን «ሸሪክህ በሴትነቴ ያዋርደኛል» ብላ በኢሜይል አመለከተችኝ። እሱ ደግሞ በዋትስአፕ «ውሸቷን ነው፤ ወይ ቅሬታዋን ታንሳ፣ ወይ ትውጣ» አለኝ። ሐሰት ከሆነ ባሰናብታት ምን ያመጣብኛል?

መልስ፦ ሸሪክዎ ሁለት ነገር ደባልቀዋል። በደሉ ተፈጽሟል ወይ የሚለው አንድ ጥያቄ ነው፤ በማመልከቷ ተቀጥታለች ወይ የሚለው ሌላ። ሁለተኛው የበቀል እርምጃ ይባላል፤ ያለ አንደኛው ብቻውን ያስፈርዳል። በቅን ልቦናና በበቂ ምክንያት ካመለከተች፣ በደሉ ባይረጋገጥም ሕጉ ይጠብቃታል።

ምሳሌው ከራስዎ ሙያ ነው። ዴቪድ ሜይስ በ1988 እ.ኤ.አ. የሃርቫርድ ተማሪ ሳለ ከጓደኛው ጋር የመሠረተው ዘ ሶርስ መጽሔት ዋና አዘጋጇን ኪምበርሊ ኦሶሪዮን በ2005 አሰናበተ። ከዚያ በፊት ስለ አድልዎ አመልክታ፣ አንሺ ስትባል እምቢ ብላ ነበር። በ2006 የማንሃታን ፌዴራል ፍርድ ቤት ጁሪ (ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች) ትንኮሳውንም አድልዎውንም አልተቀበለላትም። በበቀል እርምጃውና በስም ማጥፋቱ ግን ወደ 15.5 ሚሊዮን ዶላር ፈረደላት። ስም ማጥፋቱ የመጣው የሜይስ ሸሪክ ሬይመንድ ስኮት (ቤንዚኖ) ከተባረረች በኋላ በቃለ መጠይቅ ስለ ግል ሕይወቷ በመናገሩ ነው። አፍ መያዝ ምንም አያስከፍልም ነበር።

«ስድስት ብቻ ነን» ማለትም አያድንዎትም። የፌዴራሉ ሕግ ከ15 ሠራተኛ ጀምሮ ነው፤ የከተማው የሰብአዊ መብት ሕግ ግን በጾታዊ ትንኮሳ አንድ ሠራተኛ ያለውንም ይይዛል። ጥፋተኛውን ለመቅጣት ለሚፈረደው ካሳም እንደ ፌዴራሉ ጣሪያ የለውም።

ስለዚህ ኢሜይሏ እንደደረሰዎ ዛሬውኑ በጽሑፍ ይመልሱላት። አንሺ አይበሏት። ማጣራቱን ሸሪክዎ እንዳይነካው፤ እርስዎም ባለጉዳይ ስለሆኑ ለውጭ ሰው ይስጡት። ሥራዋን በድላለች የሚሉ ከሆነ የሚያዋጣዎ በእርግጥ ከቅሬታዋ በፊት የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ነው፤ በማግስቱ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ለእሷ ጠበቃ ስጦታ ነው።

ያቺን የዋትስአፕ መልእክት ግን እንዳያጠፏት። ብታስቀምጧት ትጎዳችኋለች፤ ብታጠፏት ደግሞ ማስረጃ አጠፉ ተብሎ የባሰ ይመጣል። በከተማው ሕግ ለመክሰስ ሦስት ዓመት አላት፤ ለስም ማጥፋት አንድ ዓመት ብቻ።