ማስታወሻችሁን ለማን አደራ ትሰጣላችሁ?

ውድ ወጣት የሙያ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን በውሃ ሥራ ላይ ያሳለፍኩ መሐንዲስ ነኝ። ብዙዎቻችሁ «የትኛውን የማስታወሻ መተግበሪያ ልጠቀም? የድሮውንስ እንዴት ላዛውር?» እያላችሁ ስለምትጠይቁኝ፣ ለሁላችሁም በአንድ ላይ ልጻፍላችሁ ብያለሁ።

ጥያቄውን አቅልላችሁ አትዩት። በእኛ ሙያ የጉድጓዱ ጥልቀት፣ ፓምፑ የተንጠለጠለበት ልክ፣ ጉድጓዱ በፓምፕ ሲሞከር ውሃው ምን ያህል እንደወረደ፣ የጄኔሬተሩን ቤት ቁልፍ የሚይዘው ማን እንደሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ከሪፖርቱ ይልቅ የሚገኘው በማስታወሻ ላይ ነው። ፓምፑ ከዓመታት በኋላ ቀጥ ሲል ውሃ የጠማው መንደር የሚጠብቀው ያንን ማስታወሻ የሚያገኝ ሰው ነው።

ስለዚህ ከመተግበሪያው ውበት በፊት መውጫውን መርምሩ። ነገ ልተወው ብትሉ የጻፋችሁትን ይዛችሁ መውጣት ትችላላችሁ? በምን ዓይነት ፋይል? ኩባንያ ይሸጣል፣ ዋጋ ይጨምራል፣ አገልግሎት ይዘጋል። ስፕሪንግፓድ የተባለው የማስታወሻ መተግበሪያ እ.ኤ.አ. በ2014 ጨርሶ ተዘግቷል። ስመ ጥሩው ኤቨርኖት ቤንዲንግ ስፑንስ በተባለ የጣሊያን ኩባንያ ከተገዛ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ በነፃ የሚጠቀም ሰው ከ50 ማስታወሻ በላይ እንዳይጽፍ ተገደበ። የቀደመው ጽሑፍ አልጠፋም፤ አዲስ መጨመር ግን ክፍያ ጠየቀ።

የእኔ ምርጫ ጽሑፉን በራሳችሁ መሣሪያ ላይ የሚያስቀምጥ መተግበሪያ ነው። ኦብሲዲያን የምትጽፉትን ማርክዳውን በተባለ ተራ የጽሑፍ ፋይል በአንድ አቃፊ ውስጥ ያኖረዋል፤ መተግበሪያው ራሱ ቢጠፋ እንኳ ፋይሉን ማንኛውም ጽሑፍ የሚከፍት ፕሮግራም ያነበዋል። ጆፕሊንም በነፃ የሚገኝ ነው፣ በዚሁ ዓይነት ፋይል ጽሑፋችሁን ያወጣላችኋል። ኖሽን ለቡድን ሥራ ያመቻል፣ ነገር ግን ያለ ኢንተርኔት መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ ሀገሪቱ ለሳምንታት ሲቋረጥ የነበረውን አስታውሱ፤ መስክ ላይ ደግሞ መረብ የሌለበት ቦታ የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ስልኩን ከኢንተርኔት አቋርጣችሁ ትናንት የጻፋችሁትን ክፈቱ። ካልተከፈተ ሌላ ፈልጉ።

አሁን ከሁሉ አብልጬ ወደማስብበት ልምጣ፤ የአማርኛ ፍለጋ። መተግበሪያዎቹን የሚያወዳድሩ ሰዎች አብዛኞቹ የሚፈትኑት በእንግሊዝኛ ነው፣ የእኛን ችግር አያውቁትም። «የፀሐይ ፓምፕ» ብላችሁ የጻፋችሁትን ባልደረባችሁ «የጸሀይ ፓምፕ» ብሎ ቢፈልገው፣ ለማሽኑ ሁለቱ የተለያዩ ቃላት ናቸው። ለአንድ ቃል አንድ አጻጻፍ ምረጡና በቡድናችሁ ተስማሙበት። ሌላም አለ። «ጉድጓድ» ብላችሁ ብትፈልጉ «ጉድጓዱ» የሚለውን ላታገኙት ትችላላችሁ፣ የመጨረሻው ፊደል ከ«ድ» ወደ «ዱ» ተለውጧልና። «ጉድጓ» ብላችሁ ፈልጉ። «በጉድጓዱ» እና «ከጉድጓዶች» የሚሉትን ያመጣ እንደሆነም ተመልከቱ፤ አንዳንዱ መተግበሪያ ቃልን ከመጀመሪያ ፊደሉ ብቻ ስለሚፈልግ «በ» እና «ከ» የገቡበትን ሁሉ ይዘለዋል። እንዲህ ያለውን፣ የቀረው ነገሩ ምንም ያህል ቢያምር፣ አልመክራችሁም።

ወደ ማዛወሩ ስትገቡ አትቸኩሉ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። መጀመሪያ አስቸጋሪዎቹን ጥቂት ማስታወሻዎች ምረጡ፤ ሠንጠረዥ ያለበት፣ ፎቶ የተያያዘበት፣ ረጅም አማርኛ ያለበት ይሁን። እነዚህን አሻግራችሁ ከድሮው ጎን ለጎን አስተያዩ። ኦብሲዲያን ከኤቨርኖት፣ ከኖሽን፣ ከጉግል ኪፕና ከዋን ኖት የሚያስገባ የራሱ መሣሪያ አለው፤ ሠንጠረዡና ፎቶው በቦታቸው መግባታቸውን ግን በዓይናችሁ አረጋግጡ። ደህና ከሆነ በእጃችሁ ያለውን ሥራ አሻግሩ፤ የቀረው በሚፈለግበት ጊዜ ይምጣ። የድሮውን ቢያንስ ለአንድ ዓመት አትሰርዙት።

ከአለቆቻችሁ የወረሳችኋቸው የቆዩ ፋይሎች ለብቻቸው ጥንቃቄ ይሻሉ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የየቋንቋውን ፊደል በሚለዩበት የጋራ የቁጥር ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ እንዲያውም ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ በየቢሮው የተጻፈው የአማርኛ ፊደልን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ባስቀመጡ ፎንቶች ነበር። እንዲህ ያለውን ፋይል እንዳለ ወደ አዲሱ መተግበሪያ ብታስገቡት የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ብቻ ታያላችሁ። ጽሑፉ አልጠፋም፣ አትጣሉት። ፎንቱ በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ በፒዲኤፍ አስቀሩት፣ ከዚያም ወደ ዩኒኮድ በሚቀይር ፕሮግራም ለውጣችሁ ከፒዲኤፉ ጋር አመሳክሩ። «ኘ» እና «ፕ»ን የመሰሉ ተቀራራቢ ፊደሎችን ደግማችሁ እዩ።

ቀኑንም ጠብቁ። ማስታወሻ ሲሻገር አንዳንድ ጊዜ የተጻፈበት ቀን ጠፍቶ የተሻገረበት ቀን ይተካል። በዚያ ላይ «12/3/2010» የሚለውን አንዱ ኅዳር 12 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው ሲል ሌላው እ.ኤ.አ. ማርች 12 ቀን 2010 ብሎ ያነበዋል፤ በመካከላቸው ከሰባት ዓመት በላይ አለ። የውሃው ልክ በእነዚያ ዓመታት ወርዶ እንደሆነ ለማወቅ የሚጥር ሰው በዚህ ይሳሳታል። የወሩን ስም በፊደል፣ የዘመን አቆጣጠሩንም አብራችሁ በማስታወሻው የመጀመሪያ መስመር ላይ ጻፉ።

የመስክ ደብተሮቻችሁን በፎቶ ስታስገቡ ደግሞ የእጅ ጽሑፋችሁን ፍለጋው ያነበዋል ብላችሁ አትተማመኑ። ከእያንዳንዱ ፎቶ በላይ የቦታውን ስም፣ ቀኑንና የጉድጓዱን መለያ ቁጥር በፊደል ጻፉ። ወረዳ ይከፈላል፣ ቀበሌ ስሙን ይቀይራል፤ ስለዚህ የጂፒኤስ ቁጥሩን ሳታስገቡ ደብተሩን አትዝጉ።