ሦስቱን በአንድ ድስት?

ጥያቄ፦ ቀይ ቦሎቄ፣ ነጭ ቦሎቄና ሽምብራ አንድ ላይ ቀቅዬ ሰላጣ ስሠራ አንዱ ይፈርሳል፣ ሌላው ጥሬ ይቀራል። ለምን? (ከከዚራ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ የመብሰያ ጊዜያቸው ስለሚለያይ ለየብቻ ይቀቀሉ። ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚተው ውሃም ቆዳቸውን ያጠነክራል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ አንድ ስኒ ለየብቻ ሲዘፈዝፉ በየዕቃው ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ይጨምሩ፤ ጠዋት በደንብ ያለቅልቁ። በድሬ ሙቀት ግን ፍሪጅ ውስጥ ይደር፣ ውጭ ካደረ አረፋ ያወጣና ይኮመጥጣል። ቀይ ቦሎቄው በአዲስ ውሃ ቢያንስ 10 ደቂቃ መንተክተክ አለበት፤ ጥሬው ሆድ ክፉኛ ያውካል። ከዚያ እሳቱን ቀንሰው፣ በሁለት ጣት ሲጫኑት እስኪለሰልስ ያብስሉ። ሎሚና ቲማቲም ቀድሞ ከገባ በቶሎ አይበስልም። ትኩስ እያለ ጨው፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ፤ ሽንኩርትና ቃሪያ ሲቀዘቅዝ።