ሲወለዱ የታፈኑ ሕፃናት የአንጎል ጉዳት፦ በብዙ ሆስፒታሎች በጋራ ስለሚሠራ ጥናት ጥያቄና መልስ

ጥ፦ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ብቻውን ቢያጠናው ምን ይጎድለዋል?

መ፦ ቁጥር። በተለመደው ሕክምና ከ100 ሕፃናት 50ው ይሞታሉ ወይም ከባድ ጉዳት ይተርፋቸዋል እንበል። አዲስ ሕክምና ይህን ወደ 40 ማውረዱን በቅጡ ለማሳየት በየቡድኑ 390፣ በድምሩ 780 ያህል ሕፃናት ያስፈልጋሉ። በዓመት 5,000 ወሊድ ያለው ሆስፒታል ከ1,000 ሁለቱ ቢታመሙበት የሚያገኘው 10 ነው። 78 ዓመት ይፈጅበታል፤ ያውም ወላጅ ሁሉ እሺ ካለ።

ጥ፦ አፕጋሩ (እንደተወለደ ለሁኔታው የሚሰጠው ነጥብ) ዝቅ ያለ ሕፃን ሁሉ ጥናቱ ውስጥ ይገባል?

መ፦ አይገባም። እናትየው በወሰደችው ማደንዘዣም አፕጋር ሊወርድ ይችላል። የተለመደው መስፈርት ይህ ነው፦ 36 ሳምንት የሞላው፣ በመጀመሪያው ሰዓት በተወሰደ ደም ፒኤች (የአሲድ መለኪያ፤ ሲወርድ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) 7.0 ወይም በታች አሊያም ቤዝ ዴፊሲት (አሲዱን የሚያረግበው ቤዝ ጉድለት) 16 ወይም በላይ፣ በዚያ ላይ መካከለኛ ወይም ከባድ ኤንሴፋሎፓቲ (የአንጎል ሥራ መታወክ) የታየበት።

ጥ፦ የእትብት ደም ውጤታችን ከሕፃኑ ሁኔታ ጋር አልገጥም ይላል። የት ነው የሚበላሸው?

መ፦ ብዙ ጊዜ ከቬን (ደም ወደ ሕፃኑ ከሚያመጣው ሥር) ተቀድቶ “አርተሪ” (ከሕፃኑ የሚመልሰው ሥር) ተብሎ ይመዘገባል። እትብቱ ውስጥ ሁለት ቀጫጭን አርተሪዎችና አንድ ወፍራም ቬን አሉ፤ መርፌው የሚቀናው ወፍራሙ ላይ ነው። የቬኑ ፒኤች ደግሞ ከፍ ስለሚል የታመመውን ሕፃን ደህና ያስመስለዋል፤ እትብቱ ተጨቁኖ ከነበረ ልዩነቱ ይብሳል። ስለዚህ እትብቱን በሁለት በኩል ቆንጥጣችሁ ከሁለቱም ሥር ውሰዱ። የሁለቱ ፒኤች ልዩነት ከ0.02 ካነሰ ያው አንዱ ሥር ሁለቴ ተወግቷል ማለት ነው። ሲሪንጁ ውስጥ የቀረ የአየር አረፋም ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ያወርደዋል፤ ወዲያው አውጡት።

ጥ፦ ሁለት ሐኪሞች አንዱን ሕፃን “ቀላል”፣ “መካከለኛ” ብለው ቢለያዩስ?

መ፦ የጋራ ጥናትን ከምንም በላይ የሚያበላሸው ይህ ነው። የአንጎል ጉዳቱን ደረጃ የሚለየው የሳርናት ምርመራ ስድስት ዘርፎች አሉት፦ ንቃት፣ እንቅስቃሴ፣ የሰውነት አቀማመጥ፣ የጡንቻ ውጥረት፣ እንደ መጥባትና ሞሮ (ሲደነግጥ እጁን መዘርጋት) ያሉ ሪፍሌክሶች፣ እንዲሁም የብሌን፣ የልብ ምትና የአተነፋፈስ ሁኔታ። ከስድስቱ በሦስቱ መካከለኛ ወይም ከባድ ምልክት ያሳየ፣ ወይም ያንቀጠቀጠው ሕፃን ይገባል። መርማሪዎች በሙሉ በአንድ ዓይነት ቪዲዮ ሠልጥነው ይፈተኑ። የምርመራው ሰዓት ይጻፍ፤ የ1 ሰዓትና የ5 ሰዓት ሕፃን አንድ አይደለም። ፌኖባርቢታል (የማንቀጥቀጥ ማስታገሻ) ከተሰጠ በኋላ የታየ ድብታ ከሕመሙ ይሁን ከመድኃኒቱ አይለይም፤ ከተቻለ መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት መርምሩ።

ጥ፦ የሕፃኑን ሰውነት ማቀዝቀዝ እንደሚሠራ ከታወቀ ሌላ ጥናት ለምን?

መ፦ የሠራበት ቦታ ስላለ ሁሉ ቦታ ይሠራል ማለት አይደለም። በ6 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ፣ በ33.5 ዲግሪ ለ72 ሰዓት ቆይቶ፣ በሰዓት ከ0.5 ዲግሪ ሳይበልጥ ማሞቅ፤ በ2013 የ11 ጥናቶችና የ1,505 ሕፃናት ድምር ውጤት ይህን ደግፏል። በ2021 የወጣው ሄሊክስ የተባለ ጥናት ግን በሕንድ፣ በስሪላንካና በባንግላዴሽ 408 ሕፃናትን መድቦ፣ ከቀዘቀዙት 42 በመቶ፣ ካልቀዘቀዙት 31 በመቶ ሞተው አገኘ። በሆዳችሁ “መሣሪያቸው ደካማ ነበር” እንዳትሉ፤ የተጠቀሙት ሙቀቱን ራሱ የሚቆጣጠር ማሽን ነው። ኤሪትሮፖይቲን የተባለው መድኃኒትም በ500 ሕፃናት ላይ ከማቀዝቀዝ ጋር ተሞክሮ በ2022 ጥቅም አልተገኘበትም።

ጥ፦ እኛ ጋ ማቀዝቀዣ የለም። ማነጻጸሪያ ቡድን ልንሆን እንችላለን?

መ፦ በዕጣ ካልተመደባችሁ አትችሉም፤ ሆስፒታሎቹ ራሳቸው ይለያያሉ። ያላችሁን ግን በደንብ መዝግቡ፤ በተለይ ሙቀት። ከ37.5 በላይ ማለፉ ከሞትና ከጉዳት ጋር ስለሚያያዝ ማሞቂያውን እያያችሁ አስተካክሉ።

ጥ፦ ውጤቱ መቼ ይታወቃል?

መ፦ ኤምአርአይ (የአንጎል ምስል) በመጀመሪያው ሳምንት ፍንጭ ይሰጣል፤ ዋናው መለኪያ ግን በ18–24 ወር የሚደረገው የዕድገት ምርመራ ነው። መርማሪው ሕፃኑ የትኛው ቡድን እንደነበረ ማወቅ የለበትም። ከክትትል የሚጠፉት ልጆች ደግሞ እንዲሁ በአጋጣሚ አይጠፉም፤ በጣም የተጎዱትም ፍጹም ጤነኞቹም ሊቀሩ ይችላሉ። ስለዚህ ከእናት ስልክ ሌላ የሁለት ዘመዶችን ያዙ፤ በየሦስት ወሩም እየደወላችሁ ቁጥሩ መሥራቱን አረጋግጡ።