ቅጠል ያወጣ የጽጌረዳ ቁራጭ ለምን ይደርቃል? ከዘር የበቀለውስ ለምን እናቱን አይመስልም?

እህቴ፣ ጥያቄሽ ባጭሩ ይኼ ነው፦ ከምትወጂው ቀይ ድርብ (የአበባ ቅጠሉ የተደራረበ) ጽጌረዳ ቅርንጫፍ ቆርጠሽ ተከልሽ፤ በሁለት ሳምንቱ ቅጠል አወጣ፤ ጸደቀ ብለሽ ፀሐይ ላይ አወጣሽው፤ ወር ሳይሞላው ጠቁሮ ደረቀ። ከዚያው ተክል ፍሬ ለቅመሽ የዘራሽው ደግሞ ሲያብብ ነጠላና ፈዘዝ ያለ ሮዝ ሆነ። ከጥያቄሽ ሥር የተሰጡሽ መልሶች አብዛኞቹ «እጅሽ ለተክል አይሆንም» የሚሉ ናቸው። እንዲህ ያለ መልስ ስንቱን ሰው ከተክል እንዳራቀ ሳስብ ያናድደኛል። እጅሽ ምንም አላጠፋም። ሁለቱም የሆኑበት በቂ ምክንያት አላቸው።

ከሁሉ በፊት ይህን ያዢልኝ፦ ቅጠል ማውጣት ሥር ማውጣት ማለት አይደለም። በቅጠሉ መጋጠሚያ ላይ ያለችው ዓይን እናት ተክሉ ላይ ሳለች ተሠርታ ያለቀች ናት። ለመፈንዳት ውኃና በግንዱ ውስጥ የተጠራቀመው ስታርች ይበቃታል። ሥሩ ግን ገና አልተፈጠረም። በቅርፊቱና በእንጨቱ መካከል ካምቢየም የሚባል ስስ ሽፋን አለ፤ በእሱ አጠገብ ያሉ ሴሎች የቀድሞ ሥራቸውን ትተው እንደ አዲስ መከፋፈልና ሥር መሥራት አለባቸው። ይህ ለጽጌረዳ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ በሁለተኛው ሳምንት ያየሽው ቅጠል ስንቁን እየበላ ነበር። ፀሐይ ላይ ሲወጣ በቅጠሉ በኩል ውኃ ይተናል፤ የሚተካ ሥር ደግሞ የለም። የደረቀው በዚህ ነው።

እንደገና ስትሞክሪ እንዲህ አድርጊ።

1ኛ፦ አበባው ገና የረገፈ፣ የእርሳስ ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ ምረጪ። መድረሱን የምታውቂው በእሾሁ ነው። እሾሁን በአውራ ጣትሽ ወደ ጎን ስትገፊው ቀጭ ብሎ ንጹሕ ጠባሳ ትቶ ከተላቀቀ ልክ ነው። ከተጣመመና ልጡን ይዞ ከተላጠ ገና ለጋ ነው፤ ለጋ ቶሎ ይበሰብሳል። ግራጫ ቅርፊት ያበጀ ያረጀ እንጨት ደግሞ ሥር ለማውጣት እጅግ ይዘገያል። የምትቆርጪው ማለዳ፣ ተክሉ ውኃ እንደጠገበ ይሁን።

2ኛ፦ ርዝመቱ ከ15 እስከ 20 ሴ.ሜ ሆኖ 3 ወይም 4 አንጓ ይኑረው። ታችኛውን ከአንጓው ሥር ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ብለሽ ቀጥ አድርገሽ ቁረጪ፣ ላይኛውን ደግሞ ከዓይኑ በላይ ሰያፍ። ሰያፉ ላይና ታቹን እንዳትሳሳቺም ይረዳል፤ ምክንያቱም ሥር የሚያስወጣው ኦክሲን የተባለው ሆርሞን ከጫፍ ወደ ግርጌ ነው የሚወርደው፤ ተገልብጦ የተተከለ ቁራጭ አይሆንልሽም። አበባም እምቡጥም አይቅር። ቅጠል ከላይ አንድ ወይም ሁለት ተዪ፣ ሌላውን አንሺ። ሁሉንም ከመለጥሽው ምግብና ኦክሲን የሚያቀርብለት ያጣል፤ ሁሉንም ከተውሽው ውኃ ይጨርሳል።

3ኛ፦ መትከያው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ቁራጭ የሚያልቀው፣ ስለዚህ ረዘም አደርገዋለሁ። የጓሮ አፈርም ፍግም አትጠቀሚ። የሚያስፈልግሽ እርጥበት የሚይዝ ግን አየር የሚያሳልፍ ነገር ነው፦ ታጥቦ የተጣራ ሻካራ አሸዋና ኮኮፒት (የኮኮናት ልጣጭ ብናኝ) እኩል በእኩል፣ ወይም ፐርላይት (ነጭና ቀላል የድንጋይ ፍርፋሪ) እና ኮኮፒት። በእፍኝሽ ስትጨምቂው አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ያንጠባጥብ። ውኃው ከፈሰሰ በዝቷል። እየተሠራ ያለ ሥር ኦክስጅን ይፈልጋል፤ በውኃ የተሞላ አፈር ውስጥ ደግሞ አየር የለም፣ ቀድሞ የሚመጣው መበስበስ ነው። ከተበላሸብሽ ከየት እንደ ጀመረ እዪ። ጥቁረቱ ከግርጌ ወደ ላይ ከወጣ ውኃ በዝቷል ወይም መቁረጫሽ ንጹሕ አልነበረም። ከጫፍ ወደ ታች ከወረደ ድርቀት ነው፣ ወይም ላይኛውን ከዓይኑ በጣም አርቀሽ ቆርጠሻል።

ድንች ውስጥ ሰክተሽ ቅበሪው የሚለውን ምክር እባክሽ እለፊው። ድንቹ ይበሰብሳል፣ ብስባሹም ወደ ቁራጩ ይሻገራል፤ ካልበሰበሰም ራሱ አቆጥቁጦ ይሻማዋል። ማር የሚሉም አሉ፤ ማር የሥር ሆርሞንን አይተካም። ሥር የሚያስወጣው ዱቄት አይ ቢ ኤ የተባለውን ንጥረ ነገር የያዘው ነው፤ ለጽጌረዳ ከ0.1 እስከ 0.3 በመቶ ያለው ይበቃል። ግርጌው ላይ በአንድ ጎን 2 ሴ.ሜ ያህል ቅርፊቱን ስስ አድርገሽ ላጪ፣ ዱቄቱን አስነኪና ትርፉን ጠረግ ጠረግ አድርገሽ አራግፊ። ሲበዛ ሥር በማብዛት ፈንታ ግርጌውን ያቃጥለዋል። ዕቃው ውስጥ በቀጥታ አትንከሪ፤ ጥቂት ለብቻው አውጥተሽ ተጠቀሚና የተረፈውን ጣይ፣ አለዚያ እርጥበትና በሽታ ገብቶ ሁሉንም ያበላሸዋል። ከዚያ መጀመሪያ በእንጨት ቀዳዳ አብጂና ሁለት አንጓ እንዲቀበር አድርገሽ ትከይ። በቀጥታ ከወጋሽው ዱቄቱ አፉ ላይ ይቀራል።

ቀጥሎ ሽፋን ነው። ግርጌው የተቆረጠ ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ጠርሙስ ወይም ግልጽ ፌስታል ድፊበት። ሽፋኑ በውስጡ ያለውን አየር ስለሚያረጥበው ቅጠሉ ውኃውን አያጣም። ቦታው ብርሃን ያለበት ጥላ ይሁን። ሽፋን ያለበትን ነገር ቀጥተኛ ፀሐይ ከመታው ውስጡ ይቀቅለዋል። ሙቀቱ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ጥሩ ነው። በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ገለጥ አድርጊለት፣ ሻጋታ እንዳይዘው። ማዳበሪያ ሥር እስኪይዝ ድረስ የለም፤ ሥር የሌለው ቁራጭ አይጠቀምበትም፣ ጨውነቱ ይጎዳዋል እንጂ።

አደራ፣ እየነቀልሽ አትዪ። ግርጌው ላይ መጀመሪያ የሚታየው ነጭ እብጠት ካለስ ይባላል፤ ቁስሉ መድረቁን ያሳያል እንጂ ሥር አይደለም። ሥሩ ሲወጣ እንደ ክር የሳሳና ቶሎ የሚቀነጠስ ስለሆነ ለማየት የነቀልሽ ዕለት ትበጥሺዋለሽ። ከስድስተኛው ሳምንት በኋላ በሁለት ጣት ቀስ ብለሽ ሳብ አድርጊው፤ ከተቃወመሽ ይዟል። ዕቃው ግልጽ ከሆነ ደግሞ ሥሩ ዳር ላይ ሲደርስ በዓይንሽ ታዪዋለሽ። ከዚያ ሽፋኑን በአንድ ጊዜ አትግፈፊ። በ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ በየዕለቱ የምትከፍቺበትን ጊዜ እያስረዘምሽ አለማምጂው፤ የጠዋት ፀሐይ የሚያየው ከዚያ በኋላ ነው። የመጀመሪያዎቹን እምቡጦችም ቀንጥሺ፣ ኃይሉ ወደ ሥር ይሂድ።

ውኃ ውስጥ ማስቀመጥ ለበሶብላና ፖቶስ ለሚባለው የቤት ውስጥ ሐረግ ይሠራል። ጽጌረዳ ውኃ ውስጥ አልፎ አልፎ ቢያወጣም የሚወጣው ሥር ተሰባሪ ስለሆነ አፈር ሲገባ ብዙው ይሞታል።

አሁን ወደ ዘሩ። ቁራጭ የእናቱ ቅጂ ነው፣ ዘር ግን የሁለት ወላጆች ልጅ ነው። የወንዴው ብናኝ በሴቴው ጫፍ ላይ ሲያርፍ ቱቦ አውጥቶ እስከ ዘር ቋቱ ይወርዳል፤ ሁለት የወንዴ ሴሎችም ይዞ ይገባል። አንዱ ከዕንቁላሉ ጋር ተገናኝቶ ጽንሱን ይሠራል፣ ሌላው ደግሞ ለጽንሱ ምግብ የሚሆነውን ክፍል። ይህን ድርብ ጽንሰት ሰርጌይ ናቫሺን የተባለው ሩሲያዊ ተመራማሪ በ1898 እ.ኤ.አ. አሳይቷል። ንቧ ብናኙን ከየትኛው ጽጌረዳ እንዳመጣች አንቺ አታውቂም። ብናኙ ከራሱ ቢሆን እንኳ ብዙዎቹ ዘመናዊ ጽጌረዳዎች በተደጋጋሚ የተዳቀሉና አራት እጥፍ ክሮሞሶም (ባሕርይ የሚያወርሱት የሴል ክሮች)፣ ማለትም 28 ያላቸው ስለሆኑ ባሕርያቸው በየዘሩ እንደ አዲስ ይደባለቃል። የድርብነቱ ነገርም እንደዚሁ ነው፤ በድርብ አበባ ላይ ብዙው ተጨማሪ የአበባ ቅጠል ወንዴ መሆን የነበረበት አካል ተለውጦ የተሠራ ነው፤ ይህ ባሕርይ ወደ ልጁ ሳይተላለፍ ሲቀር ነጠላ ይወጣል።

አዲስ ዓይነት ለማውጣት ከፈለግሽ ግን ዘሩ ሀብት ነው። እምቡጡ ሊፈነዳ ሲል የአበባ ቅጠሉን አንስተሽ፣ ወንዴዎቹ ብናኝ ሳይለቁ በመቆንጠጫ ልቀሚያቸው፣ በወረቀት ከረጢት ሸፍኚ። በማግስቱ ሴቴው ጫፍ ሲያጣብቅ የመረጥሽውን ብናኝ በለስላሳ ብሩሽ ቀቢና መልሰሽ ሸፍኚ፤ ቀኑንና የሁለቱን ስም ጽፈሽ እሰሪበት። የበሰለውን ዘር ከእርጥብ ወረቀት ጋር በፌስታል አድርገሽ ከ2 እስከ 5 ዲግሪ ባለው ፍሪጅ ከ6 እስከ 12 ሳምንት አቆዪ፤ ቅዝቃዜ ያላየ የጽጌረዳ ዘር አብዛኛው ተኝቶ ይቀራል።

«ዘር እናቱን አይመስልም» የሚለውን ግን ለሁሉም ተክል እንዳትወስጂው። ብዙ ብርቱካንና አንዳንድ ማንጎ ከአንድ ዘር ሁለት ሦስት ችግኝ ያወጣሉ፤ ከእነሱ ብዙዎቹ ያለ ወንዴ ከእናቲቱ አካል የተሠሩ ቅጂዎች ናቸው። ቁራጭም ሁልጊዜ ቅጂ አይሰጥም፦ ጠርዙ ቢጫ የሆነውን ሳንሰቬሪያ (ቅጠሉ እንደ ሰይፍ የቆመ የቤት ውስጥ ተክል) በቅጠል ቁራጭ ብታባዢው የሚወጣው ሙሉ አረንጓዴ ነው፤ ቢጫውን የምታቆዪው ከነሥሩ ስትከፍዪው ብቻ ነው።

ያቺ ቀይ ጽጌረዳሽ አንድ ብቻ ከሆነችና በቁራጭ መወራረድ ካልፈለግሽ ሳትቆርጪ አየር ላይ ሥር አስይዢያት። እርሳስ የሚያህል ቅርንጫፍ ላይ 2 ሴ.ሜ ስፋት ያለው ቅርፊት ዙሪያውን አንሺ፤ እንጨቱ ላይ የቀረውን አረንጓዴና ሙልጭልጭ ሽፋን በቢላ ፋቂው፣ ከቀረ ቁስሉ ተመልሶ ይገጥማል። የሥር ዱቄት ከላይኛው የቁስል ጠርዝ ላይ ቀቢ፤ ኦክሲኑ የሚጠራቀመው ሥሩም የሚወጣው እዚያ ነው። ተነክሮ የተጨመቀ ስፋግነም ሞስ (ውኃ የሚይዝ ለስላሳ ትንሽ ተክል) ወይም ኮኮፒት እፍኝ ሙሉ አድርገሽ በግልጽ ፌስታል ጠቅልዪ፣ ሁለቱን ጫፍ ውኃ እንዳያስገባ ጠበቅ አድርገሽ እሰሪ። ፀሐይ የሚመታው ከሆነ በላዩ ላይ ፎይል ጨምሪ። ሥሩ በፌስታሉ ውስጥ በርከት ብሎ ሲታይሽ ከሥሩ ዝቅ ብለሽ ቁረጪ፣ ቅጠሉን በግማሽ ቀንሺና ትከይው፤ የመጀመሪያውን ሁለት ሳምንት ጥላ ሥር አቆዪው።