«ወንድሜ አለ» ላልከኝ ልጅ

ባለፈው እሑድ የጎረቤታችን ልጅ ስለ መሬት ቅየሳ ሙያ ሊጠይቀኝ ቤቴ መጥቶ ነበር። የኮሌጅ ተማሪ ነው። እህቱ ሐኪም ናት። ታላቅ ወንድሙ አዲስ አበባ ተቀምጦ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይጽፋል። ታናሽ እህቱ ደግሞ ገና ከአሁኑ የትምህርት ቤቷ መኩሪያ ሆናለች። «ቅየሳን ወደኸው ነው የገባኸው?» አልኩት። «ኧረ ጋሼ፣ እኔ የምወደው ኮምፒውተር ነበር» አለኝ። «ታዲያ?»

«ወንድሜ አለ።»

ሌላ ምክንያት አልጨመረም፤ ለእሱ በቂ መልስ ነበር። በእሱ ዕድሜ ለእኔም በቂ ነበር። እዚያው መልስ መስጠት አቃተኝና ስለ ሥራ ገበያ አንድ ሁለት ነገር ብዬ ሸኘሁት። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እኛ ያደግነው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ነው። አባቴ የምድር ባቡር ጋራዥ የቶርኖ፣ የብረት መቅረጫ ማሽን ሠራተኛ ነበር። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ይሄድ በነበረው የድሮ መስመር ላይ የሚሰበር ብረት ብዙው መጨረሻው ድሬዳዋ ስለነበር፣ አባባ ማታ ሲገባ እጁ የማሽን ዘይት ይሸታል። ታላቅ እህታችን እትዬ ቋንቋ አዋቂ ናት። የድሬ ልጅ ሁሉ ሦስት አራት ቋንቋ ይለቃቅማል፤ እሷ ግን በፈረንሳይኛውም በሶማልኛውም በኦሮምኛውም ቀልድ ታወራና የቋንቋውን ባለቤቶች ታስቃለች። ታናሼ በሒሳብ ከእኔ ሁለት ክፍል ቀድሞ ያስባል። ወንድም ጋሼ ኡድ የሚባለውን ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ ይመታል። እንግዳ መጥቶ ስለ ልጆቹ ሲጠይቅ እናቴ የሦስቱን ችሎታ ዘርዝራ ትጨርስና እኔ ላይ ስትደርስ «እሱ ጨዋ ነው» ትላለች።

ጨዋ መባል ስድብ አይደለም። ግን ሌላ የሚባል ሲጠፋ የሚባል ነገር መሆኑን ልጅ ያውቀዋል።

ስለ ኡዱ ትንሽ ልበል። በዚያ ዘመን ድሬዳዋ ውስጥ ኡድ የያዘ ልጅ ሁሉ አሊ ቢራን መሆን ይመኝ ነበር። አሊ ቢራ ከዚሁ ከተማ፣ ከአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ወጥቶ አዲስ አበባ ከገባ ቆይቷል፤ በኦሮምኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማልኛ፣ በአረብኛ፣ በአማርኛ ሲዘፍን ቀፊራ ገበያ ያለች ነጋዴ ሁሉ ልጄ ትለዋለች። በጥቅምት 2015 አርፎ እዚሁ ሲቀበር እኔም ከሕዝቡ መሃል ቆሜ ነበር። ያለቀስኩት ግን ለእሱ ብቻ አልነበረም። ወንድም ጋሼን ሰፈሩ «ሁለተኛው አሊ» ይለው ነበርና።

ነገሩ በ1965 ነው። እትዬ ለትምህርት ወደ ውጭ ልትሄድ ድግስ ተደግሷል። ወንድም ጋሼ ብርቱካን እንዲያመጣ በማለዳ ባቡር ወደ ኤረር ተልኳል። እንግዳው ከመሸ መጣ፤ የኤረሩ ባቡር ግን ዘገየ። ሙቀት ስለነበር ሰዉ ሁሉ ግቢ በወጡ አልጋዎች ላይ ተደርድሯል። በዚያ ላይ መብራት ጠፋና አንድ ማሾ ብቻ በረንዳው ላይ ተሰቀለ። እኔ ብርጭቆ ላመጣ ገባሁ። ኡዱ ግድግዳው ላይ ነው።

ያን ቀን የጀመርኩት እንዳይመስላችሁ። ወንድም ጋሼ በሌለበት ሁሉ አነሳው ነበር፤ መምቻውን ከሸሚዝ ኪሱ ስለማያወጣ በጥፍሬ ነበር የምመታው። በዚያች ማታ ለምን በሩን ገርበብ አድርጌ እንደተውኩት እስከ ዛሬ አላውቅም። መታሁ። መጀመሪያ ቀስ ብዬ፣ ኋላ ራሴን ረስቼ። ውጪ ወሬው ቆመ። አንዲት አሮጊት «ይሄ ልጅ እጁ ይባረክ» ሲሉ ሰማሁ። እናቴ «ውይ፣ መጥቷል እንዴ?» አለች። ኡዱን ሰቅዬ፣ በጓሮ በር ዞሬ፣ ብርጭቆዬን ይዤ ከተፍ አልኩ። ማንም አላየኝም። «ወንድምህስ?» ሲሉኝ «ተኝቷል መሰለኝ» አልኩ።

ወንድም ጋሼ ብርቱካኑን ተሸክሞ የገባው እንግዳው ከተበተነ በኋላ ነው። በማግስቱ ቡና ላይ አሮጊቷ መጡና «የትናንቱስ ልዩ ነበር፣ እንዲህ መተህም አታውቅ» አሉት። ትናንት ማታ ባቡር ውስጥ እንደነበረ እሱ ያውቃል። ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ፈንዲሻው ላይ አቀረቀርኩ። ዝም ብሎ ቆየና «አሜን እማማ» አላቸው።

ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ግን መምቻውን ከኪሱ አውጥቶ ሬዲዮኑ ላይ ይተው ጀመር። እኔ ወጥመድ መሰለኝ፤ ብነካው የሚያጋልጠኝ። ኡዱን ጨርሶ ተውኩት። በ1969 ጸደይ ከሙዚቀኞች ጋር ጅቡቲ ሄደ፤ ክረምቱ ላይ የሶማሊያ ጦርነት መጣና ድልድይ ፈርሶ ባቡሩ ቆመ፤ ኋላ መስመሩ ሲከፈት እሱ እዚያው ቤት መሥርቷል። አልፎ አልፎ ሲመጣ ስለ ልጆቻችንና ስለ ጫት ዋጋ እናወራ ነበር። ሲሞትም ጅቡቲ ተቀበረ። እናቴ እስክትሞት ድረስ የዚያችን ማታ ኡድ እያነሳች «እንደዚያ መቶ አያውቅም» ስትል ትኖር ነበር፤ እኔም እሺ እላለሁ።

መምቻውን ለእኔ ይሆን የተወው? ለመጠየቅ ብዙ ዓመት ነበረኝ።

ቅየሳን የመረጥኩት ከቤታችን ማንም ያልያዘው ስለሆነ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ኋላ ወደድኩት፤ ይህንን አልክድም። ከድሬዳዋ በ1,200 ሜትር ከፍታ ግድም ተነስቶ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ወደ 1,900 ሜትር የሚጠጋውን ሐረርን የሚይዝ መንገድ ላይ ሌቭል፣ የከፍታ መለኪያውን መሣሪያ፣ ተክሎ መዋል ደስ ይላል። ባቡሩን የዘረጉት ሰዎች መጀመሪያ ያሰቡት ሐረር መድረስ ነበር፤ ያ ዳገት ከበዳቸውና በ1895 ሐዲዱ ከተራራው ሥር ቀረ። ድሬዳዋ የምትባል ከተማ የተቆረቆረችው በዚሁ ነው። አብረውኝ የሚሠሩ ልጆች ይህን ስነግራቸው «ስለዚህ ጋሼ፣ ያሰቡበት አለመድረስም ጥቅም አለው» ይሉኛል። የዛሬ ልጅ ሁሉን ነገር ወደ ማበረታቻ ይለውጣል። እኔ የነገርኳቸው ስለ ዳገት ነው።

ራሳችሁን ከወንድማችሁ አታወዳድሩ አልላችሁም። ይህን የሚመክር ሁሉ ሲያወዳድር የኖረ ነው። «ሁሉም ሰው የራሱ ተሰጥኦ አለው» የሚለውንም አላምንበትም፤ የሌለው ብዙ ነው፣ ሳይኖረውም በደንብ ይኖራል። የእኔ ነገር ሌላ ነው። ቤት ውስጥ አንዱ ልጅ አንድ ነገር ሲይዝ ሌሎቹ ከዚያ ነገር ይወጣሉ። ማንም ውጡ አይላቸውም። ኡድ የወንድም ጋሼ፣ ፈረንሳይኛ የእትዬ፣ ሒሳብ የታናሼ፤ ይህን ያከፋፈለን እናታችን አይደለችም፣ እኛው ነን። ከእሱ ባነሰ እጅ እየመታሁ ልኖር እችል ነበር። ከእሱ ጋር ቁጭ ብዬ፣ እሱ እየሳቀብኝ።

እናንተ የዛሬ ልጆች በዚህ ከእኛ ትሻላላችሁ። የሠራችሁትን ስልክ ላይ ለመልቀቅ አታፍሩም፤ እኔ «የመታሁት እኔ ነኝ» ማለት አቅቶኝ ሃምሳ ዓመት ከረምኩ። እርግጥ ትንሽም ታበዛላችሁ። ገና ሁለት ዜማ ያልያዘ ልጅ ተከታይ ሲቆጥር ሳይ ደሜ ይፈላል፣ ዝም በል ልለው እፈልጋለሁ። አዎ፣ አሁን ተናገሩ አላልኩም እንዴ? ብያለሁ። ሁለቱንም አምንባቸዋለሁ።

አንተ ልጅ፣ የአንተ ወንድም በሕይወት አለ፣ ስልኩም ይሠራል። ኮምፒውተሩን ከየት እንደምትጀምር እኔን ሳይሆን እሱን ጠይቀው። ከሳቀብህም ይሳቅ፣ ግን አስተምሮህ ይሳቅ። ቅየሳውን አትተወው፤ ዛሬ ካርታውም ቢሆን የሚሠራው በኮምፒውተር ነው፣ ሁለቱ አይጣሉም። ስለ ሌቭል የምትጠይቀኝ ካለ ጠዋት ና። ከሰዓት ግን አትምጣ፤ በርጫ፣ ጫት ላይ ካገኘኸኝ ይህንኑ ታሪክ ከመጀመሪያው ልነግርህ እችላለሁ።